የሰፈራችን ትንሽ ክሊኒክ ጥሩ ሕክምና እንደሚሰጥ በምን እንመዝነው?

የጎፋ ነዋሪ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። እናቴ ዕድሜዋ ወደ 70 የተጠጋ ሲሆን የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኛ ናት። ከቤታችን በእግር በሚደረስበት ርቀት ሁለት የግል ክሊኒኮች አሉ። አንደኛው ፎቅ ላይ ያለ፣ አልትራሳውንድና ሰፋ ያለ ላብራቶሪ ያለው፣ በሄድን ቁጥር ሌላ ሐኪም የምናገኝበት ነው። ሁለተኛው አንድ ጠቅላላ ሐኪም ከአንዲት ነርስና ከአንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ጋር የሚሠሩበት ትንሽ ግቢ ነው።
በመጀመሪያው ክሊኒክ እናቴ ድካም ተሰማኝ ባለች ቁጥር ደም፣ ሽንትና ሰገራ ይታዘዝላታል፤ ውጤቱ ሲመጣ ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብሻል ትባልና ለቀናት ጠዋትና ማታ መርፌ ትወጋለች። በሁለተኛው ሐኪሙ ካልሲዋን አስወልቀው እግሯን ያያሉ፣ መድኃኒቷን በስንት ሰዓት እንደምትወስድ ይጠይቃሉ፣ አንዳንድ ጊዜም መድኃኒት ሳያዙላት ምክር ብቻ ሰጥተው ይመልሷታል። ወንድሞቼና እህቶቼ «ሙሉ ምርመራ ያለው የመጀመሪያው ነው» ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው ባዘነብልም፣ ዝንባሌዬን የምደግፍበት እውቀት የለኝም። በሕክምና ሙያ ያልሠለጠነ ሰው የአንድን ትንሽ ክሊኒክ የሕክምና ጥራት በምን ሊመዝን ይችላል? በሙያው ውስጥ ያላችሁም፣ በታካሚነት ያያችሁም አስተያየታችሁን ብትሰጡኝ ለቤተሰባችን ትልቅ እገዛ ይሆናል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
ስለ ታይፎይዱ ጉዳይ ብቻ ልመልስልዎ፤ ሌላውን ለሐኪሞቹ እተዋለሁ። በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ በጣም የቆየ ዘዴ ነው። ምርመራው ባክቴሪያውን አያሳይም፤ የሚያሳየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ደግሞ ከረጅም ጊዜ በፊት ታምሞ በዳነ ሰው ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል፣ በሌሎች የሳልሞኔላ ዝርያዎች አልፎ ተርፎም በወባ ምክንያት ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ታይፎይድ በተለመደበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ «ፖዘቲቭ» የሆነ ዊዳል በራሱ በሽታ መኖሩን አያረጋግጥም።
አሠራሩንም ቢያውቁት ይጠቅምዎታል። በትንንሽ ክሊኒኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በስላይድ (በትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት) ላይ ነው። ከደሙ የተለየውን ሴረም (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) በስላይዱ ላይ አንድ አንድ ጠብታ እናስቀምጥና፣ ሪኤጀንት የሚባሉትን የመመርመሪያ ፈሳሾች፣ ሰማያዊውን ኦና ቀዩን ኤች፣ በየጠብታው ላይ ጨምረን፣ ስላይዱን እያወዛወዝን ለአንድ ደቂቃ ያህል እንመለከታለን። ፈሳሹ ቅንጣት ቅንጣት ከሠራ «ሪአክቲቭ» (ፖዘቲቭ) እንላለን። ደቂቃው አልፎ ጠብታው መድረቅ ከጀመረ ግን ምንም የሌለበት ሴረም እንኳ ቅንጣት የሠራ ይመስላል። ሪኤጀንቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ሲሆን መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። በወረቀቱ ላይ 1:80 ወይም 1:160 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥርም ሴረሙን ደረጃ በደረጃ እያቀጠኑ በመሥራት መገኘት ሲገባው፣ በአንዲት ጠብታ ታይቶ በግምት ሲጻፍ በዓይኔ አይቻለሁ።
የታይፈሱ ምርመራ የባሰ ነው። ዌይል ፌሊክስ የሚባለው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1916 የታወቀ ሲሆን፣ ታይፈስ አምጪውን ተሕዋስ ራሱን ሳይሆን ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ተጠቅሞ በተዘዋዋሪ የሚገምት ነው። ወረርሽኝ የሚያስነሳው ታይፈስ በልብስ ቅማል የሚተላለፍ በሽታ መሆኑ እየታወቀ፣ በቤታቸው ቅማል ለማይታወቅ ሰዎች በየወሩ «ታይፈስ አለብዎት» መባሉ ሊያጠያይቀን ይገባል። ታይፎይድን ለማረጋገጥ የተሻለው መንገድ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ደም ወስዶ ካልቸር መሥራት፣ ማለትም ባክቴሪያው ካለ በላብራቶሪ እንዲያድግ አድርጎ ማየት ነው።

የመርካቶ ነጋዴ፦
ሁላችሁንም አክብሬ አንድ ተቃውሞ ላቅርብ። ካልቸር ቀናት ይፈጃል፣ በሰፈር ክሊኒክም አይገኝም። ታዲያ ትኩሳት ይዞት የሚንቀጠቀጥ ሰው ሱቁን ዘግቶ በመንግሥት ሆስፒታል ሰልፍ ሲጠብቅ ይዋል? እኔ ራሴ በዚሁ በዊዳል ታይቶልኝ፣ መርፌ ተወግቼ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ገንዘብ ከፍዬ «ሂድና ውኃ ጠጣ፣ ዕረፍት አድርግ» ከሚለኝ ሐኪም ይልቅ መድኃኒት የሚሰጠኝን ብመርጥ የሚፈረድብኝ አይመስለኝም። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው በሽታው እስኪጣራ ድረስ የሚተኛበት ጊዜ የለውም።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ሐዋሳ፦
ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ስለሆነ በዝርዝር ልመልስልዎ። በሦስተኛው ቀን የተሻለዎት መርፌው ረድቶዎት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ብዙው የቫይረስ ትኩሳት በሦስትና በአራት ቀን በራሱ ስለሚወርድ፣ መርፌውን ባይወጉም በዚያው ቀን ሊነሡ ይችሉ ነበር። የሚሰጠው መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ሴፍትሪያክሶን ነው። ሴፍትሪያክሶንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ባክቴሪያዎች ቶሎ ሊላመዷቸው ስለሚችሉ በጥብቅ ጥንቃቄ እንዲታዘዙ ካላቸው መካከል ናቸው። ያለ በቂ ምክንያት ዛሬ በተወጋነው መጠን፣ የማጅራት ገትር ወይም የደም መመረዝ ሲገጥመን የምንደገፍበት መድኃኒት እየደከመ ይሄዳል። እውነተኛ ታይፎይድ አንጀት እስከ መብሳት የሚደርስ ከባድ በሽታ መሆኑን አልክድም። ትኩሳቱ ቀናት ካለፉት፣ እየጨመረ ከሄደ፣ ሆድ ካመመ፣ ሐኪሙ በሽተኛውን መርምሮ ካልቸር ሳይጠብቅ ሕክምና ሊጀምር ይችላል። ልዩነቱ ውሳኔው የተመሠረተው በበሽተኛው ምርመራ ላይ ነው ወይስ በወረቀቱ ላይ ብቻ ነው የሚለው ነው።
ከመድኃኒቱም በላይ የሚያሳስበኝ ግን «ታይፎይድ» የሚለው ስም ሐሳብን የሚዘጋ መሆኑ ነው። ስም ከተገኘ በኋላ ማንም ሌላ ነገር አይፈልግም። ለሳምንታት ሲያስሉና ሲከሱ የነበሩ ሰዎች፣ በየክሊኒኩ ታይፎይድ እየተባሉ መርፌ ሲወጉ ከርመው ሳንባ ነቀርሳቸው የተገኘው ዘግይቶ ነው። የጎፋው ወንድማችን እናትም ድካማቸው ከስኳር፣ ከደም ማነስ፣ ከኩላሊት ወይም ከእንቅርት ዕጢ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።
ይህ ሁሉ የሚሆነው ባለሙያው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። የአንድ ትንሽ ክሊኒክ ገቢ ከየት እንደሚመጣ እናስብ። የካርድ ክፍያ ዝቅተኛ ነው፣ አንዴ የወጣ ካርድም ብዙ ጊዜ ለተወሰኑ ቀናት ያገለግላል። ስለዚህ ሐኪሙ በሽተኛውን ግማሽ ሰዓት አዳምጦ፣ ልብስ አስወልቆ መርምሮ፣ «መድኃኒት አያስፈልግዎትም» ቢል ክሊኒኩ ያገኘው ያችን የካርድ ክፍያ ብቻ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አራት ምርመራና የአምስት ቀን መርፌ ቢያዝ ግን የቤት ኪራዩም፣ ደመወዙም ይሸፈናል። ተቀጥሬ በሠራሁበት አንድ ቦታ ባለቤቱ በወሩ መጨረሻ የሚጠይቀኝ ስንት ሰው እንደተሻለው ሳይሆን ስንት ምርመራ እንዳዘዝሁ ነበር። የሐኪም ሐሳብ ዋጋ የማይከፈልበት ሥራ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ፣ ሐሳቡ በምርመራና በመርፌ እየተተካ መሄዱ አይቀርም። በእኔ እምነት የትንንሽ ክሊኒኮች የጥራት ችግር ዋና ሥሩ ይኸው ነው። ምንም ሳያዝ የመለሰዎትን ሐኪም ከሌላው የሚለየውም ይህንኑ ገቢ በገዛ ፈቃዱ መተዉ ነው።

ሲስተር፣ ድሬዳዋ፦
ዶክተር ያሉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። በነርስነት ካየሁት ግን የክሊኒክ ጥራት ከሐኪሙ ክፍል በፊት፣ ደም ግፊት በሚለካበት ወንበር ላይ ይታያል ባይ ነኝ። በሽተኛዋ ከፀሐይ ገብታ፣ ደረጃ ወጥታ፣ ላቧ ሳይደርቅ፣ በሹራቧ ወይም በነጠላዋ ላይ ማሰሪያው ተጠምጥሞ፣ ክንዷ ተንጠልጥሎ፣ ስለ ልጆቿ እየተጠየቀች ከተለካች የሚወጣው ቁጥር ከእውነተኛው ከፍ ሊል ይችላል። በዚያ ቁጥር መድኃኒቷ ይጨመርላታል፤ ቤቷ ስትደርስ ራሷን ያዞራታል። በትክክል ሲሠራ በሽተኛዋ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ታርፋለች፣ ጀርባዋ ይደገፋል፣ እግሯ መሬት ይረግጣል፣ ባዶ ክንዷ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፣ ማሰሪያው ለክንዷ ውፍረት የሚስማማ ይሆናል፣ ሲለካም ማንም አያናግራትም፤ ከአንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በኋላም ይደገማል። የክንዷ ውፍረት ከፍ ያለ ሆኖ በትንሽ ማሰሪያ መለካቷ ብቻውን የሌለ ግፊት ሊያሳይ ይችላል። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። እናትዎን ይዘው ሲሄዱ ይህን ልብ ብለው ይመልከቱ።
ስለ መርፌም አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም በዚህ ውይይት መርፌ ሁሉ መጥፎ መስሎ እንዳይቀር እሰጋለሁ። በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን ታምመው ሳይታከሙ የቀሩ፣ በኋላ ይኸው የጉሮሮ ሕመም በሚያስከትለው ሩማቲክ በተባለ በሽታ ምክንያት የልባቸው በሮች የተጎዱ ወጣቶች በአገራችን ብዙ ናቸው። እነዚህ ልጆች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ መወጋት አለባቸው፤ ካቋረጡ ሕመሙ ተመልሶ ልባቸውን የበለጠ ይጎዳዋል። የሚያሳዝነው ግን የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክና ሴፍትሪያክሶንን ሳያመነቱ የሚወጉ አንዳንድ ክሊኒኮች፣ ይህን መርፌ «አለርጂ ያስነሳብናል» ብለው ፈርተው ልጁን ከበር ይመልሱታል። አንዲት እናት ልጇን ይዛ በከተማው ስትዞር ውላ እኛ ዘንድ የደረሰችው ሊመሽ ሲል ነበር። ፍርሃቱን እረዳዋለሁ፤ መልሱ ግን ድንገተኛ አለርጂ ቢከሰት የሚሰጠውን አድሬናሊን በእጅ ማዘጋጀት፣ ስለ ቀድሞ አለርጂ መጠየቅ፣ ከመርፌው በኋላ ልጁን አስቀምጦ መከታተል እንጂ ልጁን መመለስ አይደለም። ስለ አንድ ክሊኒክ ሲጠየቅ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቤንዛቲን ይወጋሉ ወይ? አድሬናሊናቸውስ የት ነው?» ብዬ ነው።

የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስት፣ አዲስ አበባ፦
ይህ ውይይት የሙያዬ ልብ ስለሆነ በደስታ አነበብሁት። የቤተሰብ ሕክምና በአገራችን ገና ወጣት ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስፔሻላይዜሽን ሥልጠናው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች የወጡት በ2016 ነው። ስለዚህ በየሰፈሩ ይህን ሥራ ሲሸከሙ የኖሩት እንደ ሐዋሳው ባልደረባዬ ያሉ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ናቸው፤ ክብር ይገባቸዋል።
ለጎፋው ወንድሜ ጥያቄ የምሰጠው ዋና መልስ፣ እናትዎን ሁልጊዜ አንድ ሐኪም ይያቸው የሚል ነው። ይህን የምለው ስለ ፍቅርና ስለ መላመድ ብቻ ብዬ አይደለም። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ነዋሪዎች በአንድ የቤተሰብ ሐኪም ሥር የሚመዘገቡበት ሥርዓት አለ። በ2022 በታተመ ሰፊ ጥናት ከአንድ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎች፣ አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በድንገት ሆስፒታል የመተኛትም ሆነ የመሞት ዕድላቸው ከሩብ ባላነሰ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ጥናት ምክንያትና ውጤትን ሙሉ በሙሉ ባያረጋግጥም፣ ዝምድናው በቆይታው ልክ እየጠነከረ መሄዱ ክብደት ይሰጠዋል።
ምክንያቱን ለመረዳት ከምናየው አንድ ምሳሌ ላንሣ። የስኳር ታማሚ የሆኑ እናት ጠዋት ግሊቤንክላማይድ ይውጣሉ። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ መድኃኒት ነው፤ የበላ ሰው ቢወስደው ስኳሩን ያስተካክላል፣ ያልበላ ሰው ሲወስደው ግን ስኳሩን ከሚገባው በታች ያወርደዋል። እኚህ እናት በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ መድኃኒቱን ግን «የታዘዘልኝ ጠዋት ነው» ብለው በሰዓቱ ይወስዳሉ። እኩለ ቀን ላይ ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ክሊኒክ ሄደው «ድካም ድካም ይለኛል» ይላሉ። የማያውቃቸው ሐኪም ዊዳል ያዛል፤ የሚያውቃቸው ሐኪም ግን «እማማ፣ ጾም ገባ አይደል? መድኃኒቱን መቼ ነው የሚወስዱት?» ብሎ ይጠይቃል። ይህችን ጥያቄ የትኛውም መሣሪያ አይጠይቅም። ኩላሊታቸው የደከመ አረጋውያን ላይ ደግሞ ይኸው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ አደጋው ከፍ ይላል።
ከዚህ ሌላ ለስኳር ታማሚ እግር በየጊዜው መታየት አለበት፤ ዓይን በዓይን ሐኪም፣ ኩላሊትም በሽንትና በደም ምርመራ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ይኖርበታል። የእነዚህ ውጤቶች በካርዱ ላይ ተጽፈው ካልተገኙ ክሊኒኩ የቱንም ያህል መሣሪያ ቢኖረው ሥራውን አልሠራም። በመጨረሻም ጥሩ ክሊኒክ ከአቅሙ በላይ የሆነውን በሽተኛ ይዞ አይቆይም፤ ያየውንና የሰጠውን ጽፎ በጊዜ ሪፈር ያደርጋል።

ከለንደን፦
እኔ ያለሁት የቤተሰብ ሐኪም ሥርዓት ለአሥርተ ዓመታት በቆየበት አገር ነው፤ ስለዚህ በጎውንም ጉድለቱንም ላካፍላችሁ። እዚህ በእንግሊዝ ሐኪም ቤቶቹን የሚቆጣጠር አካል አለ፤ ደረጃቸውንም ለሕዝብ ያወጣል፤ ማንም ከመመዝገቡ በፊት ማንበብ ይችላል። ሐኪሙ ለምርመራ ብዛት ተብሎ ከታካሚው ኪስ የሚያገኘው ነገር ስለሌለ አላስፈላጊ መርፌ የማይታሰብ ነው። ነገር ግን ቀጠሮ ለማግኘት ጠዋት ስልክ ላይ መጠበቅ ተለምዷል፣ የተለመደው ቀጠሮ ደግሞ 10 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አባቴም ዛሬ ያዩትን ሐኪም በሚቀጥለው ጊዜ አያገኙትም።
በውጭ አገር ላላችሁ አንድ ምክር አለኝ። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ በእናንተ አስተርጓሚነት ብቻ አትመኩ፤ ሐኪም ቤቱ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያዘጋጅ ጠይቁ። አባቴ በእኔ ፊት ለሐኪሙ ፈጽሞ ያልነገሩትን የሽንት ችግር የተናገሩት፣ የማያውቁት አማርኛ ተናጋሪ በስልክ ሲያስተረጉምላቸው ነበር።

የመርካቶ ነጋዴ፦
ስለ ዊዳሉና ስለ ገቢው የተባለው አሳምኖኛል። ግን አንድ ነገር ይቀረኛል። ተራ ሰው ሐኪም ፊት ተቀምጦ «ይህን ምርመራ አትዘዝልኝ» ማለት እንዴት ይችላል? «አንተ ሐኪም ነህ ወይስ እኔ?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?

ጠቅላላ ሐኪም፣ ሐዋሳ፦
አትዘዝልኝ አይበሉ። ይልቁንም በትሕትና እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢሆን ወይም ባይሆን ሕክምናዬ የሚለወጠው እንዴት ነው?» በቅንነት የሚሠራ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ እንዲያውም ቆም ብሎ እንዲያስብ ይረዳዋል። ሁለተኛ፣ «መድኃኒት ሳልወስድ ሁለት ቀን ብጠብቅ የሚያሰጋኝ ምንድን ነው? ምን ምልክት ካየሁ ቶሎ ልመለስ?» ይበሉ። እኔ ብዙ ጊዜ መድኃኒት የማዝዘው በሽተኛው ባዶ እጁን ሲሄድ ቅር ይለዋል ብዬ በመፍራት እንደሆነ አስተውያለሁ፤ መጠበቅን እንደማይጠላ በራሱ አንደበት ሲነግረኝ ትልቅ ሸክም ይቀልልኛል። ምክር ብቻ ተቀብለው ሲወጡም የከፈሉት ገንዘብ የባከነ አድርገው አይቁጠሩት፤ የከፈሉት ለሐኪሙ ሐሳብ ነው።

የጎፋ ነዋሪ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የስፔሻሊስቷን ጽሑፍ ካነበብሁ በኋላ እናቴን ጠየቅኋት፤ ረቡዕና ዓርብም ስትጾም የስኳር መድኃኒቷን ጠዋት በባዶ ሆዷ እንደምትወስድ ነገረችኝ። መድኃኒቱ ግሊቤንክላማይድ መሆኑንም ከማሸጊያው አነበብሁ። ድካሟ ከዚህ የመጣ ይሁን አይሁን እኔ አልፈርድም፤ ነገ ጠዋት ግን ሁለተኛው ክሊኒክ ወስጄ ይህንኑ ለሐኪሙ እነግራቸዋለሁ። ወንድሞቼና እህቶቼም ውይይቱን አንብበው ክትትሏ በአንድ ሐኪም እንዲሆን ተስማምተዋል። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ክሊኒኩ ያለው አንድ ሐኪም ብቻ እንደመሆኑ እሳቸው ባይኖሩ ምን እናድርግ?

የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስት፣ አዲስ አበባ፦
ነገን ሳይጠብቁ፣ እስከዚያው በላብና በመንቀጥቀጥ የታጀበ ድካም ከተሰማቸው ስኳራቸው ይለካ፤ መለኪያ በቅርብ ከሌለ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ሻይ ወዲያውኑ ይጠጡ፤ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም ሳይሰጡ በአፋጣኝ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። መድኃኒቱን ለማቋረጥም ሆነ ሰዓቱን ለመቀየር ሐኪሙ ይወስኑ።
ስለ መጨረሻው ጥያቄዎ፣ ሐኪሙን የእናትዎን ሕመሞች፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ከነመጠኑ፣ አለርጂ ካለባቸው እሱን፣ የመጨረሻዎቹን የደም ግፊት፣ የስኳርና የኩላሊት ውጤቶች በአንድ ገጽ ጽፈው ማኅተም እንዲያደርጉበት ይጠይቋቸው። አንዱን ቅጂ እናትዎ ቦርሳቸው ውስጥ ይያዙት፣ ሌላውን እርስዎ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት፤ መድኃኒት በተለወጠ ቁጥርም ይታደስ። ሐኪሙ በማይኖሩበት ቀን ማን እንደሚተካቸውም አሁኑኑ ይጠይቁ፤ ብዙ ባለ አንድ ሐኪም ክሊኒኮች የሚተማመኑበት ባልደረባ አላቸው፤ ከሌላቸውም በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ገጹን አይቶ ሊያክማቸው ይችላል።